ፊድን ኢሜይላችሁ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት

የምትጠቀሙበት የኢሜይል አገልግሎት «የሚወዷቸውን ድረ ገጾች ዜና እዚሁ ያንብቡ» የሚል አማራጭ ካወጣላችሁ፣ ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ይህችን ጽሑፍ አንብቡልኝ። እኔ ተጭኜዋለሁ፤ ወድጄዋለሁም። ቆይቶ ግን ጥሩ ሥራ አሳጣኝ። በመጨረሻም አገልግሎቱ ራሱ ሲዘጋው ለረጅም ጊዜ ያጠራቀምኩትን ንባብ ይዞብኝ ሄደ። እንዲያም ሆኖ ነገሩን ጨርሶ አልጠላሁትም፤ ጥቂት ፊዶች ዛሬም ከኢሜይሌ ጎን አሉ። የትኞቹ መግባት እንዳለባቸው፣ የትኞቹ ደግሞ ደጅ መቅረት እንዳለባቸው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ግን ብዙ ነገር ይተርፍልኝ ነበር።

ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ብዙ ድረ ገጾች እኛ ከምናየው ገጽ ጀርባ ፊድ የሚባል ፋይል አላቸው። ፋይሉ የቅርብ ጊዜ ጽሑፎቻቸውን ርዕስ፣ ቀንና ሊንክ፣ አንዳንዴም ሙሉውን ጽሑፍ የያዘ ነው። በሰፊው የሚሠራባቸው ሁለት ዓይነት አጻጻፎች አሉ፦ በ1999 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ በሚባለው የብራውዘር ኩባንያ ውስጥ የተጀመረው አርኤስኤስ እና በ2005 መጨረሻ በይፋ ደረጃ የወጣለት አቶም። ፊድ አንባቢ የሚባለው ፕሮግራም ይህን ፋይል በየጊዜው እየሄደ ያያል፤ አዲስ ነገር ካገኘ ያመጣላችኋል። ኢሜይል እንዲደርሳችሁ አድራሻችሁን ለላኪው መስጠት አለባችሁ፤ ፊድ ለማንበብ ግን ስማችሁንም ሆነ አድራሻችሁን ለማንም አትሰጡም። መከታተል ሲበቃችሁ ከዝርዝራችሁ ታጠፉታላችሁ፤ አለቀ። ማንንም «እባክህ መላክህን ተው» ብሎ መለመን የለም።

ፊድንና ኢሜይልን ማጋባት የቆየ ሐሳብ ነው። ኦድፖስት የሚባል አነስተኛ የኢሜይል አገልግሎት ፊድን ከደብዳቤ ጎን ያስነብብ ነበር፤ ያሁ በ2004 ገዛውና በማግሥቱ ዓመት አዲሱን ያሁ ሜይል ሲሠራ የአርኤስኤስ ማንበቢያ አስገባበት። ጂሜይልም በዚያው በ2005 ከደብዳቤዎቹ ዝርዝር በላይ በአንዲት መስመር የዜና ርዕስ የሚያሳይ ዌብ ክሊፕስ የሚባል ነገር ነበረው። ኮምፒውተር ላይ ከሚጫኑት ደግሞ ተንደርበርድ ከ2004 ጀምሮ ፊድ ያነባል፤ አውትሉክ በ2007 እትሙ ጨመረው፤ የአፕል ሜይል በዚያው በ2007 ጨምሮ በ2012 አስወገደው። ያሁንም ሆነ ጂሜይልን ዛሬ ከፍታችሁ ብትፈልጉ እነዚያን ነገሮች አታገኟቸውም። ይህን ታሪክ ቀድሜ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ንባቤን ሁሉ ለአንድ የኢሜይል አገልግሎት አደራ ባልሰጠሁም ነበር።

እኔ ጎግል ሪደር ከሚባለው የጎግል ፊድ አንባቢ ዘመን ጀምሮ የፊድ ሰው ነኝ። ጎግል ሪደር ጁላይ 1 ቀን 2013 ሲዘጋ የምከታተላቸውን ድረ ገጾች ዝርዝር አውርጄ አስቀመጥኩና ሌላ አንባቢ ሳልፈልግ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ገጾቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ አነብ ነበር። ሥራዬ ትርጉምና አርትዖት ነው። በግሌ ስለምሠራ ደንበኞቼ የሚያገኙኝ በኢሜይል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኢሜይሌ ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይውላል። ታዲያ የምጠቀምበት አገልግሎት ፊድ ማንበቢያ ጨምሬያለሁ ሲል ለእኔ የተሠራ መሰለኝ። ያቺን የድሮ ፋይል ፈልጌ አገኘኋትና ሙሉ ዝርዝሩን ባንድ ጊዜ ጫንኩት። አብዛኞቹ ድረ ገጾች አሁንም በሕይወት ነበሩ፤ ጽሑፎቻቸው እየተከታተሉ ሲገቡ ማየት እንዴት ደስ ይል እንደነበር!

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእውነት ጥሩ ነበሩ፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አይገባም። ከደንበኛ መልስ ስጠብቅ ሌላ ቦታ ሳልሄድ አነባለሁ። ጽሑፉ ያለ ማስታወቂያና ያለ ብቅ ባይ መስኮት ይከፈታል፤ ኔትወርክ ሲደክምም ፊደል ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይመጣል። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ፍለጋው ነው። አንድ የሙያ ቃል ሲቸግረኝ የደንበኞቼን የድሮ ደብዳቤዎችና ያነበብኳቸውን ጽሑፎች ባንድ ጊዜ በርብሮ ያወጣልኛል። ተርጓሚ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ችግሩ ቀስ ብሎ ነው የገባው። በዚያ አገልግሎት ላይ የፊድ ጽሑፍ የሚደርሰው በደብዳቤ መልክ ነበር፤ ኢንቦክስ ውስጥ፣ በላኪው ስም ቦታ የድረ ገጹ ስም ተጽፎ፣ ያልተነበበ ስለሆነ በደማቅ ፊደል። ሴቲንጉ ውስጥ ይህን መቀየር ይቻል ነበር። እኔ ግን ሴቲንጉን አልከፈትኩትም፤ ምክንያቱም አሠራሩ የተመቸኝ መስሎኝ ነበር። ትልልቅ የዜና ተቋማት በቀን የሚያወጡት ጽሑፍ ብዙ ነው። በዚያ ላይ ፊድ ውስጥ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ መለያ አለው፤ አንዳንድ ድረ ገጾች ታዲያ አንዲት ፊደል ባረሙ ቁጥር መለያውን ይቀይሩታል። አንባቢው አዲስ ጽሑፍ ይመስለውና ያንኑ ዜና ደግሞ ደጋግሞ ያመጣዋል። ያልተነበቡትን የሚቆጥረው ቁጥር ከቀን ወደ ቀን አደገ። እኔም ቁጥሩን ዜሮ ለማድረግ ማታ ማታ «ሁሉንም እንደተነበበ ቁጠር» የምትለዋን ቁልፍ መጫን ለመድኩ። ስጫናት እፎይ እላለሁ፤ ቀኑ የተዘጋ ይመስለኛል።

ከዚህ በፊት አብሬው የሠራሁ አንድ ድርጅት ሰፋ ያለ የትርጉም ሥራ ይዞ የጻፈልኝ በዚህ መሐል ነው። መልስ የሚሰጥበት ቀን የተቆረጠለት ጥያቄ ነበር። ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ከዜናዎቹ ጋር ተደባልቆ ገባ፤ ማታ ቁልፏን ስጫን እሱም «የተነበበ» ሆነ። ፊደሉ ከደማቅ ወደ ስስ ተለወጠ፤ በማግሥቱ በመጡት ዜናዎች ተገፍቶ ወደ ታች ወረደ። ስለ ደብዳቤው ያወቅሁት ሁለተኛ ደብዳቤ ሲመጣ ነው፦ «ምላሽዎን ስንጠብቅ ቆይተን ስላላገኘን ሥራውን ለሌላ ባለሙያ ሰጥተናል።» ምን ምላሽ? ብዬ ስፈልግ የመጀመሪያው ተገኘ። ኮምፒውተሩ አንብበኸዋል ይለኛል፤ እኔ ዓይኔ አላረፈበትም።

ለድርጅቱ ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩ፤ በጨዋነት መለሱልኝ፤ ሥራው ግን ሄዷል። ያን ሰሞን የተናደድኩት በአገልግሎቱ ላይ ነበር። ሲበርድልኝ ግን የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ደብዳቤ ከእኔ አንድ ነገር ይጠብቃል፤ ወይ መልስ፣ ወይ ውሳኔ፣ ወይ ቢያንስ «ደርሶኛል» ማለትን። ዜና ምንም አይጠብቅም፤ ባላነበው ማንም አይቀየምም። ሁለቱን አንድ ዓይነት ልብስ አልብሶ አንድ ወንበር ላይ ካስቀመጧቸው ዓይን የሚለምደው የሚበዛውን ነው። የሚበዛው ደግሞ መቼም ዜናው ነው። ስለዚህ እኔ ሳላውቀው ኢንቦክሴን በሙሉ «ባይነበብም ምንም አይደል» በሚል ዓይን ማየት ጀምሬ ነበር። የዚያን ደብዳቤ መጥፋት ያመጣው ያቺ ቁልፍ ብቻ አይደለችም፤ ቁልፏ ባትኖርም ሳላየው ባልፍ አይገርመኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማስተካከል ጀመርኩ። አካሄዴ ቀጥ ያለ አልነበረም። መጀመሪያ ፊልተር ሠራሁ፤ የላኪው ስም እንዲህ ከሆነ ወደዚህ ፎልደር ውሰድ የሚል። ለጥቂት ጊዜ ሠራ። ግን አንዳንድ ፊዶች በላኪ ቦታ የሚያስቀምጡት የድረ ገጹን ስም ሳይሆን የእያንዳንዱን ጸሐፊ ስም ነው፤ አዲስ ጸሐፊ በመጣ ቁጥር ፊልተሩን አልፎ ኢንቦክስ ይገባል። ከዚህም የባሰው የአንዱ ጸሐፊ ስም ከአንዲት ደንበኛዬ ስም ጋር አንድ ሆኖ የእሷን ደብዳቤ ወደ ዜና ፎልደር መውሰዱ ነው። ደግነቱ ያን ጊዜ ቶሎ አየሁት። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ፊድን በፊልተር ከኢንቦክስ ለማውጣት አትድከሙ፤ መጀመሪያውኑ ኢንቦክስ እንዳይገባ አድርጉ። ፊድ ማንበቢያ የሚያቀርቡ አገልግሎቶች ብዙውን ጊዜ ፊዶቹን በራሳቸው ፎልደር የማስቀመጥ ምርጫ አላቸው። ያ ምርጫ ከሌለ አገልግሎቱን ለፊድ አትጠቀሙበት። ይህን ስል ጥርጥር የለኝም።

ሁለተኛው ማስተካከያ የስልክ ኖቲፊኬሽን ነው። ፊዶቹን ወደ ፎልደር ከወሰድኩ በኋላም ስልኬ ለእያንዳንዱ ዜና መጮሁን አላቆመም ነበር፤ ኖቲፊኬሽኑ ለጠቅላላው አካውንት እንጂ ለኢንቦክስ ብቻ አልነበረምና። ይህን ስቀይር ለመጀመሪያ ጊዜ የስልኬ ድምፅ «ሰው ጽፎልሃል» ማለት ሆነ። እናንተም የስልካችሁን መተግበሪያ ሴቲንግ ከኮምፒውተሩ ለይታችሁ ተመልከቱት፤ በአንዱ ያስተካከላችሁት በሌላው ላይ ላይኖር ይችላል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ሦስተኛው ነው። ዝርዝሬን ከፍቼ እያንዳንዱ ድረ ገጽ በምን ያህል ጊዜ እንደሚጽፍ ተመለከትኩ። በርዕሰ ጉዳይ መደርደሩን ተውኩት፤ ፖለቲካ፣ ቋንቋ፣ ቴክኖሎጂ እያልኩ የከፈልኩት የድሮ ክፍፍል ለምንም አልጠቀመኝም ነበር። በብዛታቸው ስደረድራቸው ነገሩ ወዲያው ቁልጭ አለ። ኢንቦክሴን ያጥለቀለቁት ጥቂት፣ በየሰዓቱ የሚጽፉ ተቋማት ናቸው። የእነሱን ዜና ደግሞ ያለ ፊድም እሰማዋለሁ፤ ማንም ሰው ሳይፈልግ ይሰማዋል። በፊድ መከታተል በእውነት የሚጠቅመኝ በሁለትና በሦስት ወር አንዴ ለሚጽፉት ነው። አንድ የቋንቋ ምሁር፣ አንድ ብቻውን የሚሠራ የፕሮግራም ባለሙያ፣ ሥራ በዝቶበት ዓመት ጠፍቶ ድንገት ረጅም ጽሑፍ ይዞ የሚመጣ ሰው። እነዚህን ገጻቸውን እየከፈትኩ ብጠብቅ እረሳቸዋለሁ። ፊዳቸው ኢሜይሌ ውስጥ ቢኖር ግን በወር አንድ ወይም ሁለት ጽሑፍ ቢመጣ ነው፤ ማንንም አይገፋም።

በየሰዓቱ የሚጽፉትን በዚያው ቀን አጠፋኋቸው። በየቀኑ የሚጽፉትንና የምወዳቸውን ወደ ተለየ ፊድ አንባቢ ወሰድኩ። እዚያ ያልተነበበ ቢከመር ግድ የለኝም፤ አንዳንዴ ሙሉውን ጠርጌ እጥላለሁ። አልፎ አልፎ የሚጽፉትን ብቻ ኢሜይሌ ውስጥ ተውኩ። አንድ ወዳጄ «ታዲያ ሁለት ቦታ ማንበብ አይሰለችም ወይ?» ብሎኛል። አይሰለችም። አንዱ ጋ የምሄደው ማንበብ ሲያምረኝ ነው፤ ሌላው ጋ የምሄደው ሥራ ስላለኝ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ፤ እኔም አልፌበታለሁ። አንዳንድ ድረ ገጾች ፊዳቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት የጽሑፉን ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ሙሉው እንዲደርሳችሁ ኒውስሌተር ማለትም በኢሜይል የሚላክ ጽሑፍ ተመዝገቡ ይሏችኋል። ተመዘገብኩ፤ አድራሻዬን ሰጠሁ። ኒውስሌተር ከፊድ ጋር ሲታይ ልዩነት የሌለው ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ብዙ ኒውስሌተሮች በዓይን የማትታይ ደቃቅ ምስል ውስጣቸው አለች፤ ደብዳቤውን ስትከፍቱ ምስሏ ከላኪው ሰርቨር ስለምትጫን ላኪው መቼ እንደከፈታችሁት ያውቃል። አፕል በ2021 የሜይል መተግበሪያው ላይ ይህን የሚከላከል ነገር የጨመረው ለዚህ ነው። ሌላ የምትጠቀሙ ከሆነ «ምስሎችን ከመጫንህ በፊት ጠይቀኝ» የሚለውን አብሩት። አድራሻችሁም አንዴ ከወጣ የት እንደሚደርስ አታውቁም። እኔ ላንድ ገጽ ብቻ በሰጠሁት አድራሻ ሌሎች የማላውቃቸው ሲጽፉልኝ አይቻለሁ።

ላንድ ገጽ ብቻ እንደሰጠሁት እንዴት አወቅሁ? ጂሜይልን ጨምሮ ብዙ አገልግሎቶች ከስማችሁ ቀጥሎ የመደመር ምልክትና የፈለጋችሁትን ቃል ብትጨምሩበት ደብዳቤው ወደ እናንተው ይመጣል። ለእያንዳንዱ ኒውስሌተር የተለየ ቃል ጨምሬ እሰጣለሁ። በዚያ አድራሻ የመጣውን በሙሉ በአንድ ፊልተር ወደ ፎልደር መውሰድ ቀላል ነው፤ የላኪው ስም ቢቀያየርም የተላከበት አድራሻ አይቀየርም። አንዳንድ የመመዝገቢያ ቅጾች የመደመር ምልክቱን አልቀበልም ይላሉ፤ ለእነሱ ሌላ አድራሻ መክፈት ነው። አንዳንድ ፊድ አንባቢዎች ደግሞ፣ ለምሳሌ ፊድቢንና ኢኖሪደር፣ ኒውስሌተር የሚቀበል የተለየ አድራሻ ይሰጧችኋል፤ ኒውስሌተሩ ኢሜይላችሁን ሳይነካ እንደ ፊድ ሆኖ ይነበባል። አሁን የምሠራው በዚህ ነው፤ ከሞከርኳቸው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

የማትፈልጉትን ኒውስሌተር ለማቆም ደግሞ አሁን ከድሮው ይቀላል። ጂሜይልና ያሁ ከ2024 ጀምሮ በብዛት የሚልኩ ላኪዎች ባንድ ጠቅታ መውጫ እንዲያዘጋጁ ያስገድዳሉ። ይህ የሚሠራው ግን ራሳችሁ ለተመዘገባችሁበት ነው። ከየት እንደመጣ በማታውቁት ስፓም ውስጥ ያለችውን «አቁም» የምትል ሊንክ አትንኩ፤ መንካታችሁ አድራሻው ሰው እንዳለበት ይነግራቸዋል። ስፓም ብላችሁ ምልክት አድርጉና እለፉት።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገርም ገጠመኝ። ከምከታተላቸው ጸሐፊዎች አንዱ መጻፍ ካቆመ ቆይቷል። ድንገት ፊዱ ነቃና ጽሑፍ አመጣ። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት፤ የቁማር ማስታወቂያ ነው። ለካ ባለቤቱ የድረ ገጹን ስም ኪራይ ሳያድስ ቀርቶ ሌላ ሰው ገዝቶታል፤ የድሮው የፊድ አድራሻ እንዳለ ስለሆነ የአዲሱ ባለቤት ነገር በቀጥታ እኔ ጋ ይመጣል። በተለየ አንባቢ ውስጥ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ኢሜይል ውስጥ ግን፣ በማውቀው ሰው ስም፣ ከደንበኞቼ ደብዳቤ ጎን ተቀምጦ ሲመጣ እጄ ሊንኩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ የነቃ ፊድ ካየሁ መጀመሪያ ብራውዘር ከፍቼ ገጹ የማን እንደሆነ አጣራለሁ። በፊድ የመጣ ጽሑፍ የይለፍ ቃል ወይም የባንክ መረጃ አስገቡ ካላችሁ ደግሞ ማጣራትም አያስፈልግም፤ አጥፉት።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነገሩ መልክ ያዘ። ኢንቦክሴ ጸጥ አለ፤ ፊዶቹም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። የወደድኳቸውን ጽሑፎች ኮከብ እያደረግኩ አስቀምጥ ነበር፤ ለትርጉም ሥራዬ የሚጠቅሙ፣ ደግሜ የማነባቸው። ብዙ ሆነዋል። ያን ጊዜ ነው አገልግሎቱ የፊድ ማንበቢያውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው። ጊዜ ሰጥቶናል፤ ዝርዝራችንን የምናወርድበት ቁልፍም አዘጋጅቷል። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ኦፒኤምኤል የሚባለው ፋይል ወረደ፤ ጨረስኩ ብዬ ተኛሁ።

አልጨረስኩም ነበር። ኦፒኤምኤል የሚይዘው የምትከታተሏቸውን ፊዶች አድራሻና የፎልደራችሁን አከፋፈል ነው። ምን እንዳነበባችሁ፣ ምን ላይ ኮከብ እንዳደረጋችሁ አብሮ አይወርድም፤ ጽሑፎቹ ራሳቸውም የሉበትም። አገልግሎቱ ሲዘጋ ኮከቦቼ በሙሉ አብረው ሄዱ። «ግድ የለም፣ አዲሱ አንባቢ ከድረ ገጾቹ ደግሞ ያመጣቸዋል» ብዬ ነበር፤ እሱም አልሆነም። ፊድ መዝገብ ቤት አይደለም፤ የቅርብ ጊዜውን ብቻ ነው የሚይዘው። ለምሳሌ በዎርድፕረስ የተሠሩ ድረ ገጾች ማንም ካልቀየረው በስተቀር ፊዳቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ነው። ከዚያ በፊት ያለውን አንባቢያችሁ ቀድሞ ካላመጣው ከፊዱ አታገኙትም።

ስለዚህ ዛሬ ፊድ ማንበቢያ የሚጨምርላችሁን አገልግሎት ስታዩ መጀመሪያ የምትፈልጉት «መውጫው የት ነው?» የሚለውን ይሁን። ኦፒኤምኤል ማውረድ ካልቻላችሁ አትግቡ። ማውረድ ከቻላችሁም አዲስ ነገር በጨመራችሁ ቁጥር ባይሆን አልፎ አልፎ አውርዱና ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ትንሽ ፋይል ነው፣ ቦታ አይወስድም። ለዘለቄታ የምትፈልጉትን ጽሑፍ ደግሞ ኮከብ አድርጋችሁ አትተዉት። እኔ አሁን ጽሑፉን ራሱን በፒዲኤፍ አወርዳለሁ፤ ከላዩ የጽሑፉን ሙሉ አድራሻና ያነበብኩበትን ቀን እጽፍበታለሁ።

በኢሜይልና በፊድ መካከል መምረጥ ለሚከብዳችሁ መሐል ያለው መንገድ ተንደርበርድን የመሰለ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። ፊዶቹን ከኢሜይል አካውንቶቻችሁ ጎን እንደ ራሱን የቻለ አካውንት ያስቀምጣቸዋል፤ ያልተነበቡት ቁጥር አይደባለቅም፤ ያመጣውም ጽሑፍ እናንተው ኮምፒውተር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ማንም መጥቶ አይዘጋባችሁም። ጉድለቱ ስልካችሁ ላይ ያነበባችሁት እዚያ እንዳልተነበበ ሆኖ መቆየቱ ነው። በስልክ ለሚያነብ ሰው አይመችም፤ ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ እንደኔ ላለው ግን ደህና ነው።

የፊድ አድራሻ መፈለግም ከድሮው ከብዷል። የፋየርፎክስ ብራውዘር በ2018 መጨረሻ የፊድ ማንበቢያውን ካስወገደ ወዲህ ሊንኩን ብትጫኑ የምታዩት የኮድ መዓት ሊሆን ይችላል፤ አትደንግጡ፣ አድራሻውን ገልብጣችሁ አንባቢያችሁ ውስጥ መለጠፍ ነው። አብዛኞቹ አንባቢዎች የድረ ገጹን ተራ አድራሻ ብትሰጧቸውም ፊዱን ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል። ካላገኙት፣ ገጹ በዎርድፕረስ የተሠራ ከሆነ በአድራሻው መጨረሻ ላይ አንድ ያጋደለ ጭረትና (/) ፊድ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጨምራችሁ ሞክሩ። የዩቲዩብ ቻናሎችም ፊድ አላቸው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ከጠፉብኝ ኮከቦች የተወሰኑትን መልሼ አግኝቻለሁ። አንዳንዶቹ በየድረ ገጻቸው ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ርዕሳቸውን ሳስታውስ በፍለጋ ወጡ። ድረ ገጻቸው የሞተባቸውን ያገኘሁት ኢንተርኔት አርካይቭ ባቆመው ዌይባክ ማሽን ነው፤ አርካይቩ ከ1996 ጀምሮ የድረ ገጾችን ቅጂ ሲሰበስብ የኖረ ተቋም ነው። እዚያ ስትፈልጉ በእጅጉ የሚረዳችሁ የጽሑፉ ርዕስ ሳይሆን የነበረበት አድራሻ ነው። አድራሻውን አስገቡ፣ የምታስታውሱትን ዓመት ምረጡ፣ ከቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ያለበትን ቀን ተጫኑ። አድራሻው ከጠፋችሁ ለወዳጅ የላካችሁለት ደብዳቤ ካለ «የተላኩ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ፈልጉት፤ እኔ ብዙዎቹን ያገኘሁት ከዚያ ነው።